ቀጣዩን የአንጎል ደም መፍሰስ ከክንድ በተቀዳ ደም መተንበይ ይቻል ይሆን?

ለሚመላለስ ራስ ምታት የኤምአርአይ ምርመራ የታዘዘለት ሰው ፈጽሞ ያላሰበውን ነገር ሊሰማ ይችላል፤ በአንጎሉ ውስጥ የእንጆሪ ፍሬ የሚመስል፣ ግድግዳቸው የሳሳ ጥቃቅን የደም ከረጢቶች ስብስብ ተገኝቷል። ሐኪሞች ካቨርኖማ የሚሉት ይህ የደም ሥሮች ጉድለት ከ200 ሰዎች በአንዱ ገደማ እንደሚገኝ ይገመታል። አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ሳያውቁት ይኖራሉ። በሌሎቹ ግን ከረጢቶቹ ይደማሉ፤ የሚጥል ሕመም፣ የአካል መዛል ወይም የዕይታ መታወክ ይከተላል።

ሕሙማኑን የሚያስጨንቀው «መቼ?» የሚለው ጥያቄ ነው። በ2016 በላንሴት ኒውሮሎጂ መጽሔት የታተመና የ1,620 ሰዎችን መረጃ ያጠናቀረ ጥናት መልሱን በከፊል ሰጥቷል። ጉድለቱ ከአንጎል ግንድ ውጭ ሆኖ ያለ ደም መፍሰስ ወይም ያለ ነርቭ ጉዳት የተገኘባቸው ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ የመድማት ዕድላቸው 3.8 በመቶ ነው። በአንጎል ግንድ ላይ ሆኖ አስቀድሞ ጉዳት ላደረሰባቸው ግን 30.8 በመቶ ይደርሳል። ይሁንና ከእነዚህ መካከል ማን እንደሚደማ ቁጥሩ አይነግርም። የአንጎል ግንድ መተንፈስንና መዋጥን የሚቆጣጠር በመሆኑ ቀዶ ሕክምናው ራሱ አስፈሪ ነው፤ መጠበቁም እንዲሁ።

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በነርቭ ቀዶ ሐኪሙ በዶክተር ኢሳም አዋድ የሚመራው ቡድን ፍንጩን በሕሙማኑ ደም ውስጥ ሲፈልግ ቆይቷል። ቡድኑ ትኩረት ከሰጣቸው ሞለኪውሎች መካከል የደም ሥር እድገትን የሚያነሣሣው ቪኢጂኤፍ፣ የሰውነት መቆጣትን የሚያመለክተው ሲአርፒ፣ እንዲሁም ሲዲ14 የተባለው ፕሮቲን ይገኛሉ።

የሲዲ14 ጉዳይ ቆም ብሎ ማየትን ይጠይቃል። ይህ ፕሮቲን የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት የባክቴሪያን ቅርፊት ለይተው እንዲያውቁ ይረዳል። ታዲያ ባክቴሪያ ከአንጎል የደም ሥር ጋር ምን አገናኘው? በ2017 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በማርክ ካን የሚመራ ቡድን አይጦችን አጥንቶ ያልተጠበቀ መልስ አገኘ። ከአንጀት ባክቴሪያዎች የሚወጣ ንጥረ ነገር በደም ተጉዞ በአንጎል የደም ሥሮች ላይ ያለውን ቲኤልአር4 የተባለ ተቀባይ ሲቀሰቅስ፣ ካቨርኖማ ይበቅላል። አንጀታቸው ከባክቴሪያ ነጻ ሆኖ ባደጉ አይጦች ግን ጉድለቱ እጅግ ቀንሶ ታየ። በ2020 የቺካጎው ቡድን በሰዎች ላይ ባደረገው ጥናትም የሕሙማኑ የአንጀት ባክቴሪያ ስብጥር ጉድለቱ ከሌለባቸው ሰዎች የተለየ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲአርፒ በጉንፋንም በጥርስ ሕመምም ከፍ ይላል፤ ብቻውን ሲለካ፣ ከብዙ ጫጫታ መሐል አንድን ድምፅ ለይቶ ለመስማት እንደመሞከር ነው። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ በአንድ ፕሮቲን ላይ ከመመሥረት ይልቅ የበርካቶቹን መጠን በሒሳብ ቀመር አጣምረው የሚመዝኑት። እንዲያም ሆኖ ቀመሩ በተሠራበት የሕሙማን ስብስብ ላይ ጥሩ ውጤት ማስመዝገቡ በሌሎች ላይ ይሠራል ማለት አይደለም።

አስተማማኝ የደም ምርመራ ቢገኝ የመድኃኒት ፍተሻም ይቀልላል። ደም መፍሰስ በየወሩ የሚያጋጥም ባለመሆኑ፣ መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ ብዙ ሕሙማንን ለዓመታት መከታተል ግድ ይላል። ለኮሌስትሮል የሚታዘዘው አቶርቫስታቲን ካቨርኖማቸው በደማባቸው ሰዎች ላይ በተሞከረ ጊዜ፣ የሚጠበቀው ጥቅም አልታየም።

የቺካጎው ቡድን ሌላ ጥናት ደግሞ በሽታው የከፋባቸው ሕሙማን የቫይታሚን ዲ መጠን ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። ፀሐይ በሚጠፋበት የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ክረምት፣ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ይህን ቫይታሚን በቂ ያህል ማግኘት ስለሚያዳግታቸው ግኝቱ ለብዙ የውጭ ነዋሪዎች ቅርብ ነው። ሆኖም ሁለቱ አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ክኒኑን መዋጥ ደም መፍሰስን እንደሚከላከልም አልታየም። እስካሁን ሐኪሞች ውሳኔ የሚሰጡት በኤምአርአይ ምስልና በሕመምተኛው ምልክት ላይ ተመሥርተው ነው።