ስለ ነርቭ ሁከትና ስለ ቻይና የመርፌ ሕክምና



በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ዋግምትን ያውቃል። ራስ ምታት የጸናበት፣ ትከሻው የከበደው ሰው ቆዳውን በምላጭ አስበጥቶ ደሙን በቀንድ ያስስባል፤ ከዚያም «ቀለል አለኝ» ብሎ ይነሣል። ስለዚህ አኩፓንክቸር የሚባለው የቻይና የመርፌ ሕክምና ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ግን የቻይናው መርፌ እንደ ጠጉር የቀጠነ ነው፤ ውስጡ ያልተቦረቦረ ስለ ሆነም መድኃኒት አይሰጥበትም፤ ደምም ለመሳብ አልተሠራም።

እንግዲህ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ እንበል። ቀን በፋይል ላይ ተጎንብሶ ይውላል፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ የደመወዙን ነገር ሲያሰላስል ያነጋል። ልቡ ያለ ምክንያት ይመታል፤ እጁም ይርዳል። ወዳጆቹ «ነርቭ ነው፤ አዲስ አበባ ሄደህ በቻይኖቹ ተወጋ» ይሉታል። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ድረስ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ምክሩ ቀላል ወጪ አይደለም። ይሂድን? ወይስ ይቅር?

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ የነርቭን አሠራር መረዳት ይገባል። ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠራው የነርቭ ክፍል ሁለት ዋና ዋና ቅርንጫፎች አሉት። አንደኛው አደጋ ሲመጣ የሚያነሣሣ ነው፤ ልብን ያስሮጣል፣ ትንፋሽን ያፈጥናል፣ የምግብን መፈጨት ያዘገያል። ሁለተኛው አደጋው ሲያልፍ የሚያበርድ ነው። አውሬ ያጋጠመው ሰው ከአመለጠ በኋላ ይበርዳል፤ ነገር ግን የዕዳና የሥራ ጭንቀት ዕለት ዕለት ስለማይለቅ፣ አነሣሹ ቅርንጫፍ ዕረፍት ያጣል። ሰዎች የነርቭ ሁከት የሚሉት ብዙውን ጊዜ ይህን ነው።

የቻይና የጥንት ሐኪሞች ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ተረድተውት ነበር። «ቺ» የሚሉት የሕይወት ኀይል በሰውነት ውስጥ በተወሰኑ መስመሮች ይሄዳል፤ መርፌውም የታወከውን ጉዞ ያቃናል ይላሉ። ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ከሰፈረ ሁለት ሺሕ ዓመት ያህል ሆኖታል። ዩኔስኮም በ2010 እ.ኤ.አ. ሙያውን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ወደ አገራችንም የቻይና መንግሥት የሐኪሞች ቡድን መላክ የጀመረው በ1974 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የሚመደቡት ቻይናውያን ሐኪሞች ከሌላው ሕክምና ጋር ይህንኑም ሲሰጡ ቆይተዋል።

ነገር ግን የቅርስ ክብር የፈውስ ማስረጃ አይደለም። በጀርመን አገር ተደርጎ በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሚግሬን የሚባለው ራስ ምታት ያለባቸው 302 ሰዎች በሦስት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደ ቻይና ሥርዐት ተወጋ፤ ሁለተኛው ከታወቁት ነጥቦች ውጭ ላይ ላዩን ብቻ ተወጋ፤ ሦስተኛው ተራውን ሲጠብቅ ቆየ። ራስ ምታት የሚይዛቸው ቀን ቢያንስ በእኩሌታ የቀነሰላቸው ከመጀመሪያው ወገን ከመቶው 51፣ ከሁለተኛው 53፣ ከሦስተኛው 15 ሆነው ተገኙ። እንግዲህ መወጋቱ ረድቷል፤ ነጥቡ ግን ልዩነት አላመጣም ማለት ነው። በእንግሊዝ አገርም በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የኀዘን ሕመም የጸናባቸውን 755 ሰዎች መርምሮ፣ በመርፌ የታከሙት ከተለመደው ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ እንደ ተሻላቸው፣ ከባለሙያ ጋር ተቀምጠው በመነጋገር ከታከሙት ጋር ግን ጉልህ ልዩነት እንዳልታየባቸው አስረድቷል።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፤ ለታማሚው ጊዜ ሰጥቶ የሚያደምጥ ሐኪም፣ ጸጥ ብሎ መጋደም፣ የመሻልም ተስፋ ራሳቸው አብራጁን ነርቭ ያግዛሉ። ስለዚህ በመርፌ የተሻለው ሰው ውሸታም አይደለም፤ መርፌው ግን ብቸኛው መንገድ አይደለም። በተጠቀሱት ጥናቶች ሕክምናው እስከ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ድረስ ተደጋግሞ የተሰጠ ነውና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለመወጋት ከጎጃም ተነሥቶ መሄድ ትርፉ ድካም ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። የልብ መምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የእንቅልፍ ማጣት ሁሉ ጭንቀት አይደለም። በጎጃም ደጋ እንቅርት የተለመደ ሕመም መሆኑን ያውቃሉ፤ የአንገት ዕጢ ሥራ ከመጠን ሲያልፍ እነዚህኑ ምልክቶች ያመጣል። የደም ማነስም ልብን ያስመታል። እነዚህን መርፌ አይፈውሳቸውም። ስለዚህ አስቀድሞ በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይመርመሩ። የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም፣ መርፌ ጀመርሁ ብለው ያለ ሐኪም ፈቃድ አያቋርጡ።

ከምርመራው በኋላ መወጋት ቢፈልጉ፣ መርፌው በፊትዎ ከታሸገበት የሚከፈት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆኑን ይመልከቱ፤ የጉበት በሽታና ኤችአይቪ ባልጸዳ ስለት ይተላለፋሉና። የዋግምቱም ምላጭ ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ደረት ላይ በጥልቀት የገባ መርፌ ሳንባን ሊበሳ ስለሚችል፣ ፈቃድ ላለው ባለሙያ እንጂ ለሌላ ሰው ሰውነትዎን አይስጡ። ይህን ለመጠየቅም አይፈሩ፤ የሚጠየቀው መርፌ የሚገባው በእርስዎ ገላ ነው።