ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፦ የጦርነት ዘመን አገረ ገዥ

በጣልያን ወረራ ዋዜማ በኢትዮጵያ የአንድ ጠቅላይ ግዛት አገረ ገዥ ግብር ሰብሳቢ፣ ዳኛና የጦር አዝማች ነበር። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ይህን ሦስት ወገን ያለው ኃላፊነት ከተሸከሙት አንዱ ናቸው።

በ1885 ዓ.ም የተወለዱት ራስ እምሩ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር አብረው አድገዋል። ሐረርን ካስተዳደሩ በኋላ የዛሬዎቹ ወልድያ፣ መርሳና ሐራ የሚገኙበትን የወሎን ግዛት መርተዋል። በ1924 ዓ.ም ራስ ኃይሉ ከሥልጣን ሲነሡ ጎጃም ተሾሙ። ሹመቱን ግን ከአካባቢው መኳንንት ብዙዎቹ በበጎ አልተቀበሉትም ነበር።

ወረራው በ1928 ዓ.ም ሲጀመር የጎጃምን ጦር እየመሩ ወደ ሽሬ ዘመቱ። ሠራዊታቸው ታኅሣሥ 5 ቀን በደምበጊና የጣልያንን ቀላል ታንኮች ማርኮ ድል አደረገ። ብዙም ሳይቆይ የጠላት አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ከኋላቸው ደግሞ በጎጃም ደጃዝማች ገሠሠ በለው ዐመፁ፤ ከሠራዊቱም የከዳ ነበር። በሽሬ ጦርነት በየካቲት ወር መጨረሻ ከተሸነፉ በኋላ በጎጃም በኩል ወደ ምዕራብ አፈገፈጉ።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም ከአገር ሲወጡ ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ሾሙ። የመንግሥቱ መቀመጫ ጎሬ ነበር። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች የተካተቱበት የጥቁር አንበሳ ማኅበርም ከእርሳቸው ጋር ተሰለፈ። ይሁን እንጂ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ከዚያም ጣልያን ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ።

ከእስር ከተፈቱ በኋላ በአሜሪካና በህንድ አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል፤ መሬታቸውን ለጭሰኞች በማከፋፈላቸውም ይታወቃሉ። በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጠንሳሾቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ሰየሟቸው። በ1972 ዓ.ም አረፉ።

የሥራ ታሪካቸው ለአስተዳደር ሠራተኛ አንድ ቁም ነገር ያስገነዝባል። በደምበጊና የተገኘውን ድል በዘላቂነት ለማጽናት ከጦር ሜዳው ጀግንነት በተጨማሪ የኋላ ደጀን ያስፈልግ ነበር። በሰላም ጊዜ የሕዝብና የሹማምንት አመኔታ ያላገኘ አስተዳደር በጦርነት ጊዜ ጠላት የሚገባበት ቀዳዳ ይኖረዋል።