በዘመነ ጽጌ የወረደ በረዶ

ክረምት እንደ ገባ የሚወርድ በረዶ ገበሬውን እምብዛም አያስደነግጠውም። ቡቃያው ለጋ ስለ ሆነ ቢጎዳም ተመልሶ ያቆጠቁጣል፤ ጨርሶ ቢጠፋም እንኳ ሌላ ዘር ለመዝራት ጥቂት ቀን ይቀራል። ክረምቱ ካለፈ፥ መስቀል ከተከበረና ገብሱ ራሱን ካዘነበለ በኋላ የሚወርደው በረዶ ግን ሌላ ነው። እርሱ የሚመታው አዝመራውን ብቻ ሳይሆን የዓመቱን ድካም፥ የልጆችን እንጀራና የሚመጣውን ዓመት ዘር ጭምር ነው። የከተማ ሰው በረዶ ሲወርድ በመስኮት እያየ ይደነቃል፤ ልጆችም እየለቀሙ ይጫወቱበታል። ባላገሩ በዚያች ሰዓት ምን እንደሚያስብ፥ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ፥ በማግሥቱም ምን እንደሚያደርግ ያየነውን ለውድ አንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን።

ነገሩ የሆነው በ2005 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጀመሪያ፥ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ደጋ ነው። በዚያን ጊዜ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት እያስተማርን በአንድ ገበሬ ቤት ተቀምጠን ነበር። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለና ነፋስ የማያርፍበት ነው። ሕዝቡ በገብስ፥ በባቄላና በምስር፥ ደግሞም በበግ ይኖራል። ቤቱ በድንጋይ ተሠርቶ ጣራው በጓሳ ሣር ይከደናል፤ ይህም ሣር ነዋሪዎቹ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በጋራ ሥርዓት ሲጠብቁት ከኖሩት ከጓሳ ሜዳ ይመጣል።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ጧት ሰማዩ ጠርቶ፥ አደይ አበባው ፈክቶ፥ ፀሐይዋም ከወትሮው ይልቅ ትሞቅ ነበር። ከቀትር በኋላ ግን ከምሥራቅ፥ ከገደሉ በኩል፥ ጥቁር ደመና ተነሣ። ተማሪዎቹን ፈጥነን አሰናብተን ቤት እንደ ደረስን በረዶው ጀመረ፤ በፊት ሽንብራ፥ ቀጥሎም ባቄላ ያህል ነበር። የጣራው ጩኸት ሰው ከሰው አላነጋግር አለ። የቤቱ እመቤት ከደጃፉ ቆማ፥ ነጠላዋን አጣፍታ፥ «እግዚኦ፥ እግዚኦ» ትላለች፤ የዐሥር ዓመት ልጇ በጎቹን ይዞ በመስክ ነበርና። አባቱም በርኖሱን በራሱ ላይ ደርቦ ወጣ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በረዶው ሲያባራ ምድሩ እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ነጥቶ፥ በእግር ሲረግጡት እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። ልጁና አባቱ በጎቹን እየነዱ መጡ። ብላቴናው ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተጠግቶ ኖሯል፤ ከንፈሩ ጠቁሮ፥ አንዲት ግልገል በብብቱ ይዞ ነበር። ሌላዪቱ ግልገል ሞታለች። ስለ እርሷ ማንም አልተቆጣውም።

ሌሊቱን ማንም ደኅና እንቅልፍ አልተኛም። በጎቹና ጥጆቹ በቤቱ በአንደኛው ወገን ገብተው በትንፋሻቸው ያሞቁን ነበር። ኩበት ነደደ፤ ቆሎ ተቆላ፤ ልጁም ከበግ ጠጉር በተሠራ ባና ተጠቅልሎ ከምድጃው አጠገብ ተጋደመ። የቤቱ ጌታ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ «መምህር፥ ከወንዙ ማዶ በረዶ እመልሳለሁ የሚል ሰው አለ፤ በየዓመቱ እህል ይሰበስባል። ዘንድሮ አልሰጠሁትም። ይህ የመጣው በእኔ ስስት ይሆን?» ብሎ ጠየቀን።

እኛም የምናውቀውን ነገርነው። ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ እርጥበት ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል። በደመናው ውስጥ የሚወጣው ነፋስ ብርቱ ሲሆን የውኃውን ጠብታ ብርድ ወደ በረታበት ከፍታ ይወስደዋል፤ በዚያም ይረጋል። ሌላ ውኃ እየረጋበት ይወፍራል፤ ነፋሱ ሊሸከመው ሲሳነውም ይወድቃል። ስለዚህ ትልቅ የበረዶ ፍሬ ለሁለት ቢከፈል እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ይታያል። ይህን በቃሉ የሚመልስ ሰው የለም፤ እህሉን ለልጆቹ ማስቀረቱም ስስት አይደለም አልነው።

ልጁ አልተኛም ኖሮ፥ «ከዚህ የባሰ አገር አለን?» አለ። የስሜንን ተራሮች አነሣንለት። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነውና በአንዳንድ ወቅት አመዳይ ይጥልበታል። አመዳይ እንደ በረዶ ጠጣር ሳይሆን ላባ መስሎ በቀስታ የሚወርድ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ከድንጋይ ላይ በገለበጠው የአንድ ንጉሥ ጽሑፍ ውስጥ፥ በስሜን ተራሮች አመዳዩ ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚውጠው ተነግሯል። ልጁ ይህን ሲሰማ ጉልበቱን በእጁ ለካና ፈገግ አለ።

እኩለ ሌሊት ሲሆን አባቱ ወደ ደጅ ወጥቶ ተመለሰና፥ «ከዋክብት ወጡ» አለ። ድምፁ የኀዘን ነበር። ምክንያቱን ቆይተን ተረዳነው። ደመና ለምድር እንደ ባና ነው፤ ሲገፈፍ የምድሩ ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል። የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ በዚያም ውርጭ ይሆናል። ገበሬው ይህን ከእኛ መጽሐፍ ሳይሆን ከአባቱ ተምሮታል።

ሲነጋ አብረን ወጣን። በረዶ በሰልፍ እንደሚሄድ ሠራዊት ነው፤ በሄደበት መሥመር ያለውን ይመታል፥ ከመሥመሩ ውጭ ያለውን ይተወዋል። ከቤቱ በላይ ያለው የወዳጃችን ገብስ ተኝቷል፤ ከድንበሩ ማዶ ያለው የጎረቤቱ ገብስ ግን ቆሟል። በረባዳው ያለውን ባቄላ በረዶው ባይነካው ውርጭ አጥቁሮታል። ከተዳፋቱ ላይ ያለችው ሦስተኛ ማሳ ብቻ ተረፈች። ማሳው አንድ ወጥ ሳይሆን ከላይም፥ ከታችም፥ ከመካከልም ተበታትኖ መያዙ ለምን እንደሚጠቅም ያን ጊዜ ገባን፤ አንዱ ሲጠፋ አንዱ ይተርፋልና።

እኛ በልባችን የማጽናኛ ቃል እያዘጋጀን ሳለ ጎረቤትየው ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር ማጭድ ይዞ መጣ። ከበልግ ወራት ጀምሮ የወዳጃችን በሬ ቡቃያውን ስለ በላበት ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ አይለዋወጡም ነበር። ከድንበሩ ቆሞ፥ «እንደምን አደራችሁ» አለ። ቀጥሎም፥ «ወንድሜ፥ የበሬው ነገር በቦታው አለ፤ እርሱን ሽማግሌ ያየዋል። ይህ ግን ዛሬ ካልታጨደ ነገ ይበሰብሳል» አለና ጎንበስ ብሎ ማጨድ ጀመረ። ወዳጃችን ምንም አልመለሰም፤ ማጭዱን ሊያመጣ ወደ ቤት ሄደ። እኛም የምንናገረውን ትተን ነዶ ተሸከምን።

የታጨደው አብዛኛው ለከብት ድርቆሽ ሆነ፤ ጥቂቱም ለቆሎ በቃ። ፍሬው ያልሞላ ስለ ነበር ለዘር አይሆንም። በእሑድ፥ ማኅሌተ ጽጌው ተቁሞ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ፥ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ሥር ተቀምጠው በረዶ የመታቸውንና ያልመታቸውን ቈጠሩ። የተረፈላቸውም በሰኔ ለዘር የሚሆን ገብስ፥ ቁና በቁና፥ ያለ ወለድ ሊያበድሩ ቃል ገቡ። መጀመሪያ አፉን የከፈተው ያ ጎረቤት ነበር፤ ሦስት ቁና አለ። የበሬው ክርክር በኅዳር ታየና በወዳጃችን ተፈረደበት፤ ካሣውን ግን ከሚመጣው ዓመት አውድማ እንዲከፍል ባለጉዳዩ ፈቀደ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በጥቅምት በረዶ ወረደ ሲባል ብንሰማ፥ በገጠር ያለውን ዘመዳችንን ማጽናናት መልካም ነው። ነገር ግን ኀዘኑ የሚበረታው በረዶው በወረደበት ቀን አይደለም፤ በሰኔ፥ እርሻው ታርሶ ጎተራው ባዶ በሆነበት ቀን ነው። ያን ጊዜ የሚደርስ አንድ ቁና ዘር ዛሬ ከሚነገር ብዙ ቃል ይበልጣልና ቀኑን እናስብለት።