ከፉሪ ተራራ እስከ ጣና ወለል

የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያጠና ባለሙያ ጃፓን ይኑር ብራዚል ፉሪን በስሟ ያውቃታል። ዓለም አቀፉ የሴይስሞግራፍ መረብ ከ150 በላይ ጣቢያዎች አሉት፤ ከእነዚህ የአንዱ መጠሪያ «ፉሪ» ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1997 የተተከለው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮች ማዶ ቀና ብሎ በሚታየው ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት የአገሪቱ ዋና መለኪያ የነበረው አራት ኪሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን ናቸው፤ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ ያሳተሙትም እሳቸው ናቸው። ከተማው ሲሰፋ ግን መኪናው፣ ወፍጮው፣ የግንባታ ማሽኑ ሁሉ መሬቱን ያለማቋረጥ ያንቀጠቅጣል። ስሜቱ የረቀቀ መሣሪያ ይህን ሁሉ ስለሚመዘግብ ጸጥ ያለ ዐለት ይፈልጋል።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲናወጥ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው መብራቱ ሲወዛወዝ አይቷል። የካቲት 7 ቀን የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.0 ያህል ነበር። ፈንታሌ ከፉሪ በቀጥታ መስመር 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ፈጣኑ ሞገድ፣ ማለትም ዐለቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋ የሚመጣው፣ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በ23 ሴኮንድ ይደርሳል። መሬቱን ወደ ጎን የሚያወዛውዘው ሁለተኛው ሞገድ ደግሞ 40 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በመካከላቸው ያለው የ17 ሴኮንድ ልዩነት ርቀቱን ይናገራል፤ አቅጣጫውን ለማወቅ የሌሎች ጣቢያዎች ምዝገባ ይታከላል።

እስካሁን የተባለው ከሩቅ የሚመጣን ሞገድ መጠበቅ ነው። ከእግራችን በታች ያለውን አፈር ለማወቅ ግን መንቀጥቀጥ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሞገዱን ራሳችን እንፈጥረዋለን። ገበያ የወጣች ሴት እንስራ ከመግዛቷ በፊት በጣቷ መታ መታ አድርጋ ስንጥቅ እንደሌለው በድምፁ ትለያለች፤ የአፈር ምርመራውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ባለሙያዎቹ ረጅም ገመድ ይዘረጋሉ። በገመዱ ላይ በየሁለት ሜትሩ ከሥሩ የብረት ሹል ያለው፣ ከጡጫ ያነሰ የንቅናቄ መለኪያ (ጂኦፎን) መሬት ውስጥ ይሰካል፤ ብዙ ጊዜ 24 ይሆናሉ። ከዚያ አንዱ ትልቅ መዶሻ አንሥቶ መሬት ላይ የተቀመጠውን የብረት ሳህን ይመታል። መኪና ሲያልፍ ሥራው ይቆማል፤ የሚረማመድ ሰው ካለ «ቁም!» ይባላል። ምቱ ከጂኦፎን ወደ ጂኦፎን የተጓዘበት ጊዜ ተለክቶ ከሥር ያለው ንብርብር በጥልቀት ይሰላል።

የሚፈለገው ቁጥር በዋናነት አንድ ነው፦ ወደ ጎን የሚያወዛውዘው ሞገድ በላይኛው 30 ሜትር ውስጥ ያለው አማካይ ፍጥነት። የኢትዮጵያ የሕንፃ ስታንዳርድ መሠረት ያደረገው የአውሮፓ ደንብ መሬትን የሚመድበው በዚህ ነው። በሴኮንድ ከ800 ሜትር በላይ ከሆነ ዐለት ነው፤ ከ180 በታች ከወረደ በጣም ለስላሳ አፈር ነው። በደቡብ አዲስ አበባ ብዙ ቦታ ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል፤ ግንበኞች ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከልምድ ያውቁታል።

ለስላሳ አፈር የራሱ ውዝዋዜ አለው፤ አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው። 20 ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሞገዱ በሴኮንድ 200 ሜትር የሚሄድበት አፈር ዐለት ላይ ቢያርፍ፣ አንዱን ውዝዋዜ የሚጨርሰው በ0.4 ሴኮንድ ነው። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃም በግምት በዚያው ፍጥነት ይወዛወዛል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ንቅናቄው ይጎለብታል። እ.ኤ.አ. መስከረም 1985 ሜክሲኮ ሲቲን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ መነሻው ከከተማዋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። ነገር ግን የከተማዋ እምብርት የቆመው በደረቀ ሐይቅ ጭቃ ላይ ስለነበር የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት አለፈ፤ ክፉኛ የተጎዱትም መካከለኛ ቁመት ያላቸው ፎቆች ነበሩ። ፈንታሌ ደግሞ ለእኛ ከዚያ በጣም ይቀርባል።

እስካሁን ያየነው ምርመራ በየብስ ነው፤ ውሃ ላይ ግን መዶሻ አይሠራም። እዚያ ጀልባ የድምፅ ምት ወደ ታች እየላከች ትሄዳለች፤ ከወለሉም፣ ከወለሉ ሥር ካሉት ንብርብሮችም የሚመለሰው ድምፅ ይመዘገባል። ለስላሳ ደለል አብዛኛውን ያሳልፋል፣ ጠጣር ንብርብር ይመልሳል። በባሕር ላይ የነዳጅ መድረክና የነፋስ ኃይል ማማ ከመተከሉ በፊት የሚደረገው ይኸው ነው።

በአገራችን የዚህ አስደናቂ ምሳሌ ጣና ነው። የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች (ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሐመድ ዑመር ነበሩበት) በሐይቁ ላይ ይህን ልኬት አካሂደው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። ድምፁ ከደለሉ ውስጥ አራት ጠንካራ ነጸብራቆችን አመጣ። ከላይኛው ነጸብራቅ ናሙና ሲወጣ የተገኘው ደርቆ የጠነከረ ደለል ነበር፤ በሐይቁ ዳር በኩልም ወራጅ ውሃ የቆረጣቸው ቦዮች በምስሉ ላይ ታዩ። ጣና ደርቆ ነበር ማለት ነው። ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት መካከሉ የፓፒረስ ረግረግ ነበር፤ ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ሞልቶ እንደገና ወደ ዓባይ ፈሰሰ። ይህን ሁሉ ያለ ድምፁ፣ በናሙና ቁፋሮ ብቻ ማግኘት ይከብድ ነበር፤ ቁፋሮ የሚያየው የተቆፈረበትን ነጥብ ብቻ ነውና።

ፉሪ ግርጌ ቤት ለሚሠራም ነገሩ ያው ነው። በአንድ ግቢ ሁለት ጉድጓድ ተቆፍሮ ዐለት ቢገኝ በመካከላቸው ያለው ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ የድሮ ወንዝ የሞላው አፈር ሊሆን ይችላል። ሞገዱ መካከሉን ያሳያል፣ ቁፋሮው ደግሞ ሞገዱ ያሳየው አፈር ምን ዓይነት እንደሆነ ያረጋግጣል። ስለዚህ የአፈር ምርመራ የሚያሠራ ባለቤት ከቁፋሮው ሪፖርት ጋር የሞገዱን ፍጥነትም ይጠይቅ። ከሕንፃው ወጪ አንጻር ልኬቱ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ግቢ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ይበቃዋል።