ሠዓሊው በመምህርነት ወንበር፦ እስክንድር ቦጎሲያንና የሥነ ጥበብ ማስተማር ጥያቄ

በዚህ ገለጻ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። የዘመናዊ ሥዕላችን ታሪክ በአብዛኛው በዚያ አቆጣጠር ስለ ተመዘገበ፣ ሁለቱን እያቀያየርሁ ባላምታታችሁ ይሻላል።

ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ አሊዩ አምባ ይገኛል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ይህች ከተማ የደጋውና የቆላው መገናኛ፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪውና አማራው የሚገበያይባት የሸዋ በር ነበረች። በ1841 በሻምበል ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሲወጣ፣ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ ነበር። ተራራውን፣ ሕዝቡንና ሥርዐቱን ሣለ፤ ሥዕሎቹም አብረውት ሄደው በ1852 ለንደን ላይ ታተሙ። ከሰማንያ ዓመት በኋላ፣ በ1932፣ አፈወርቅ ተክሌ በዚያው በአንኮበር ተወለዱ።

በእነዚህ በሁለቱ የጀመርሁት ለዚህ አካባቢ ቅርብ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። አፈወርቅ የኖሩት በብሩሻቸው ነው። በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ መቶ ሃምሳ ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስታወት ሥዕል ሠሩ፤ ቪላ አልፋ የተባለውን ቤታቸውን ራሱን የጥበብ ሥራ አደረጉት። በትምህርት ቤት ወንበር ግን ስማቸው አይነሣም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ሠዓሊ የማስተማር ዕዳ የለበትም። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ያን ዕዳ በፈቃዳቸው ስለ ተሸከሙት ነው፤ ከእነርሱም አንዱን፣ እስክንድር ቦጎሲያንን፣ አስበልጬ አያለሁ።

አስቀድሞ ስለ ትምህርት ቤቱ ጥቂት ልበል። በጥንቱ ሥርዐት ሥዕል የሚማር ልጅ ከባለሙያው እግር ሥር ተቀምጦ ቀለም ይፈጫል፣ ብራና ያዘጋጃል፣ የመምህሩን ንድፍ እየደጋገመ ይገለብጣል። ከመምህሩ መለየት እንደ ድፍረት እንጂ እንደ ዕውቀት አይቈጠርም ነበር። በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ ሌላ ሥርዐት ይዘው መጡ፦ የሰውን አካል ከሕያው ሰው መንደፍ፣ ጥላና ብርሃንን መለየት፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ኅትመት። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ሥርዐቱ ትልቅ ነገር አተረፈ፤ ይሁንና አንድ ጥያቄ ተንጠልጥሎ ቀረ። ተማሪው እጁን በአውሮፓ ስልት ካሠለጠነ በኋላ፣ አያቶቹ በብራና ላይ የሣሉትን በምን ዐይን ይመልከተው?

እስክንድር በ1966 ወደ አገሩ ሲመለስ የገባው ወደዚህ ጥያቄ መካከል ነው። በ1937 በአዲስ አበባ የተወለደው ይህ ሠዓሊ በ1955 በንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል በተደረገ ውድድር ሁለተኛ ወጥቶ፣ በመንግሥት ወጪ ለንደን ተላከ። ከዚያ ወደ ፓሪስ አለፈ፤ በዚያም ተማሪም አስተማሪም ሆነ። ከኩባዊው ዊፍሬዶ ላም ሥራ ጋር ተዋወቀ፣ የአፍሪካ ምሁራን ስለ ጥቁር ሕዝብ ባህል የሚያደርጉትን ክርክር ሰማ። ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የፓሪስ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምና የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥዕሎቹን ገዙ። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ቆመ።

ክፍል ውስጥ ምን ይዞ ገባ? ዐይናችንን ወደ ሥዕሎቹ ብንመልስ መልሱን እናገኛለን። በ1964 ፓሪስ ሳለ የሣለውና የሥጋትና የሐሤት የሌሊት በረራ ልንለው የምንችለው ሥዕል ጨለማ ሰማይ ላይ የሚያንዣብቡ ክንፋሞችን፣ ከየአቅጣጫው የሚያፈጥጡ ዐይኖችን ይዟል። ዐይኖቹን የምናውቃቸው ነን። በክታብ ላይ ደብተራው የሣላቸው፣ ሕመምተኛው አንገቱ ላይ አስሮ የሚዞራቸው የጠልሰም ዐይኖች ዘመዶች ናቸው። የተማረው ሰው ክታብን በጥንቈላነት ንቆ ወይም ፈርቶ በተወበት ጊዜ፣ ከፓሪስ የመጣ ዘመናዊ ሠዓሊ ይህን የጥበብ ምንጭ ብሎ ማሳየቱ ለተማሪው ምን ያህል በር እንደ ከፈተ መገመት አያዳግትም። ዘሪሁን የትምጌታ በ1968 ከዚያ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ኋላ በቀርከሃ ቅጠልጣዮች ላይ የጠልሰምን ምልክቶች እየደረደረ የሠራቸው ሥራዎች በ1992 በዳካር ቢዬናሌ ተሸለሙ፤ እርሱም በተራው መምህር ሆነ።

እስክንድር በአዲስ አበባ ያስተማረው እስከ 1969 ነው፤ ሦስት ዓመት ብቻ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 በዋሽንግተን በሚገኘው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ፤ በትሕትና ልናልፈው አይገባም። አገሪቱ ያስተማረችው ሰው ሦስት ዓመት ለእርሷ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ለሌላ ሰጠ። ነገር ግን የሐዋርዱ ክፍል ለኢትዮጵያውያን ሁለተኛ ቤት እንደ ነበር መካድም አይቻልም። የግእዝን ፊደል እየሰበረና እያጠፈ የሥዕሉ አጥንት ያደረገው ወሰኔ ኮስሮፍ በአዲስ አበባ ከተመረቀ በኋላ ሐዋርድ ገብቶ በእርሱ ሥር ተምሯል። በሶማሊያ እስር ቤት ዐሥር ዓመት ያህል ያሳለፈችው ሠዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብም ወደ ሐዋርድ መጣች፤ በ2001 በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ የሚታየውን የብረት ግድግዳ ሥራ ከመምህሯ ጋር ሠራች። ስሟ ከስሙ ጎን መቀመጡን ልብ በሉ። በጥንቱ ሥርዐት የደቀ መዝሙሩ እጅ በመምህሩ ሥራ ውስጥ ተሰውሮ ይቀር ነበር።

ማስተማር የሠዓሊውን ጊዜ አይበላምን? ይበላል። በእኔ ግምት ግን በእስክንድር ላይ ያደረገው ሌላም ነገር አለ። በአሜሪካ ዘመኑ ሸራን ብቻ ትቶ ወደ ቆዳና ከዛፍ ልጥ ወደ ተቀጠቀጠ ጨርቅ ሄደ፤ ሥዕልን ከሚሣልበት ነገር ጀምሮ መልሶ ጠየቀ። በየዓመቱ ከመነሻው የሚጠይቁት ተማሪዎች ያሉት ሰው፣ እርሱም ከመነሻው ለመጠየቅ ይገደዳል።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ያስተማረውን ገብረ ክርስቶስ ደስታንም ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም። በሐረር ተወልዶ በጀርመን ኮሎኝ የተማረ፣ ባለቅኔም ሠዓሊም ነው። እርሱም በ1970ዎቹ መጨረሻ አገሩን ለቆ በ1981 በአሜሪካ ዐረፈ። ሁለቱ ቢሄዱም ወንበሩ ባዶ አልቀረም። የወልድያው ተወላጅ ታደሰ መስፍን በገብረ ክርስቶስ ተምረው፣ በሌኒንግራድ ሠልጥነው ተመለሱ፤ በዚያው ትምህርት ቤትም ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተማሩ። የሩሲያውን ጥብቅ ንድፍ ቢያውቁም የተማሪዎቻቸውን እጅ በዚያ ላይ አላሰሩም።

የሕይወት ምሰሶዎች ሊባሉ በሚችሉት ተከታታይ ሥዕሎቻቸው ውስጥ የምናያቸው ጉልት የሚቸረችሩ ሴቶች ናቸው። ረጅም ሆነው ቆመዋል፤ ዳራው ከቀሚሳቸው ጋር ይዋሐዳል፤ መደብ ላይ ያለው ሸቀጥ ጥቂት ነው። በርናትስም በዚህ ምድር የገበያ ሰው አይቷል፤ ያየው ግን ከበቅሎ ላይ ሆኖ፣ እንደ መንገደኛ ነው። የታደሰ ሴቶች ተመልካቹን ፊት ለፊት ያዩታል፤ እርሱ ቀና ብሎ ነው የሚያያቸው።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።