ያ ቁልፍ ስንት ሰው ኪስ ውስጥ አለ?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፍቅር አይደለም። ስለ በር ነው፤ ስለ በር ቁልፍና እጀታ። «ደግሞ በዚህ ምን ይጻፋል?» የምትሉ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ያቺ ሌሊት እስክትመጣ ድረስ ቁልፍ ማለት ቦርሳዬ ውስጥ ሲጠፋብኝ ብቻ ትዝ የሚለኝ ዕቃ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤተሰብ ቤት ወጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የተከራየሁት ኮተቤ አካባቢ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነበር። አከራዬ ደግ ሴት ናቸው። ቀብዱን ተቀብለው፣ የግቢውን ሕግ (ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ እንግዳ የለም፣ ውኃ ሲመጣ ሁሉም በየተራው ይቀዳል…) አስረድተውኝ ሲያበቁ ከመቀነታቸው ሁለት ቁልፍ ፈተው ሰጡኝ፤ አንዱ የግቢው፣ አንዱ የክፍሌ። «ይኸውልሽ ልጄ፣ እንግዲህ ቤትሽ ነው» አሉኝ። እኔም ቤቴ ነው ብዬ ገባሁ። ግድግዳውን ቀለም አስቀባሁ፣ መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ቁልፉን ግን ዞር ብዬም አላየሁት።

በገባሁ በሦስተኛው ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ቁልፍ ሲዞር! ማንኳኳት የለ፣ መስበር የለ፣ በሩ ሰተት ብሎ ተከፈተ። አንድ ረዥም ሰው ገባ። ኮቱን አወለቀ። በጨለማው ውስጥ ከበሩ ጀርባ ሊሰቅለው ሞከረ። መስቀያው የለም፤ ቀለም ሳስቀባ ነቅዬዋለሁ። ኮቱ መሬት ወደቀ። «ማነው መስቀያዬን የነቀለው?» አለ ለራሱ።

ያኔ ነው ድምፄ የወጣልኝ። ምን ልበላችሁ… ግቢው በሙሉ ተነሣ። ጎረቤቴ በዱላ፣ አከራዬ በነጠላ ደረሱ። መብራት ሲበራ ሰውየው ከእኔ ባልተናነሰ ደንግጦ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ማን መሰላችሁ? ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ! ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ዕለት ከጓደኞቹ ጋር ሲጠጣ አምሽቶ፣ እግሩ በለመደው መንገድ ወደ «ቤቱ» አመጣው። የግቢውም የክፍሉም ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበሩና አንዳቸውም አላሳፈሩትም።

አሁን ስናወራው ያስቃል። ያን ሰሞን ግን አልሳቅኩም። ሰክሮ መንገድ የተሳሳተ ሰው ስለነበረ ተረፍኩ። አውቆ የሚመጣ ቢሆንስ? ብቻዋን የምትኖር ሴት ይህንን ጥያቄ ሁለቴ አታስብም፤ ሌሊቱን ሙሉ ነው የምታስበው።

ሲነጋ አከራዬን ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ የዚህ በር ቁልፍ ስንት ነው?» በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። «አንዱ አንቺ ጋ። አንዱ እኔ ጋ። እሱ ጋ የነበረችው… ለካ ሳይመልስ ነው የሄደው! ከሱ በፊት ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ ለየራሳቸው አስቀርጸዋል። ከነሱ በፊት አንድ አስተማሪ ነበር፤ እሱ እንኳ ጨዋ ነው…» ሌላ ጣት ሲያነሱ በቃ አልኳቸው። በሩ ሲሠራ የተገጠመው ቁልፍ ተቀይሮ አያውቅም። ስንቱ ገብቶ ወጥቷል!

ቤት ስንከራይ ውኃ አለ ወይ፣ ቆጣሪው ለብቻ ነው ወይ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው ወይ ብለን እንጠይቃለን። «ይህ ቁልፍ ከእኔ ሌላ ስንት ሰው ጋ አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ኮንዶሚኒየም የደረሳችሁም ብትሆኑ ከዚህ አትወጡም። ቀለም ቀቢው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪሻኑ ከእናንተ በፊት በዚያው በር ሲገቡ ሲወጡ ነው የከረሙት።

እናላችሁ፣ ብር ተበድሬ መርካቶ ወረድኩ። መርካቶ የገባ ሰው የሄደበትን ብቻ ይዞ መመለስ መቼ ያውቃል? የሕንፃ ዕቃ መሸጫው ግድግዳ ላይ እጀታው ተደርድሮ ያብረቀርቃል፤ ወርቃማው፣ ብርማው፣ የአንበሳ ፊት ያለበት። ሻጩ ልጅ ገና ሲያየኝ ገባው። «የኔ እናት፣ ይሄ ኦርጅናል ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ወርቃማ ነገር ሳይ አያስችለኝም። ስለ ቁልፉ አንድም ሳልጠይቅ ለእጀታው ከፍዬ መጣሁ።

ቤት ስደርስ አልገጠመም። በእጀታውና በቁልፉ ቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት ከበሬ ጋር አይገናኝም። (ይህ ርቀት በየሥሪቱ ይለያያል፤ 72 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ፣ 85 የሆነም አለ። እኔ ያኔ ምኑን አውቄው!) በያጅ ጠርቼ ላሜራውን አስቦረቦርኩት። በሩ ጥርሱ የወለቀ ልጅ መሰለ። ክረምቱ ሲወጣ «ወርቁ» ተላጠና ከሥሩ ግራጫ ብረት ብቅ አለ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ማታ ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ለሁለት ተሰብሮ ቀረና ጎረቤቴ ጋ አደርኩ።

በነጋታው ነው መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግተው ቁልፍ የሚቀርጹትን ጋሼን ያመጣኋቸው። የተሰበረውን ቀስ አድርገው መዝዘው እያወጡ ታሪኬን አወጡኝ። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ በር የሚጠብቀው እጀታው ነው እንዴ? ያቺን ሲሊንደር ብቻ ብትቀይሪ እኮ አልቆ ነበር» አሉኝ።

ሲሊንደር የምትባለው ቁልፋችንን የምንሰካባት፣ ከላይ ክብ ከታች ጠበብ ያለች ብረት ናት። ብዙዎቹ አዳዲስ የላሜራና የአልሙኒየም በሮች ያላቸው እሷን ነው። በሩን ከፍታችሁ ጎኑን ተመልከቱ፤ ከቁልፉ ቀዳዳ ትይዩ አንድ ብሎን አለ። እሱን በካቻቪቴ ፈታችሁ፣ ቁልፉን ሰክታችሁ ጥቂት ዘወር ስታደርጉት ሲሊንደሯ ተስባ ትወጣለች። አዲሷን በዚያው ቀዳዳ አስገብቶ ብሎኑን ማሰር ነው። እጀታው አይነካም፣ በሩ አይቦረቦርም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በየሰዉ ኪስ ያለው የድሮ ቁልፍ ሁሉ ቁራጭ ብረት ነው!

ለመግዛት ስትሄዱ አሮጌዋን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በዓይን የለካችሁት መጠን ሱቅ ስትደርሱ ይጠፋባችኋል። ርዝመቷ የሚለካው ከብሎኑ ቀዳዳ መሀል ወደ ሁለቱም ጫፍ ነው፤ 30 በ30 ሚሊ ሜትር የሆነች አለች፣ ወፍራም በር ላይ ደግሞ በአንድ በኩል የምትረዝም ትኖራለች። «ትንሽ ብትረዝም ምን አለበት» እንዳትሉ። ሲሊንደር ብሎኑ በሚገባበት ወገቧ ላይ ቀጭን ናት። በውጭ በኩል እንደ አፍንጫ ብቅ ካለች፣ ሌባ ጫፏን በመፍቻ ይዞ ወገቧን ይሰብራታል። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ብቅ ማለት የለባትም።

የውስጧ ነገር ደግሞ የሚገርም ነው። የጥንት ግብፆች በእንጨት ይሠሩበት የነበረውን ዘዴ፣ ላይነስ ዬል የተባለ አሜሪካዊ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በትንሽ ቁልፍ እንዲሠራ አደረገው። በስፕሪንግ የሚገፉ ቀጫጭን ዘንጎች አሉ፤ የቁልፉ ጥርስ እያንዳንዷን ዘንግ በልኳ ካላነሳት አይዞርም። ዘንጎቹ በበዙ ቁጥር ሌላ ቁልፍ በአጋጣሚ የመክፈት ዕድሉ ይጠባል። ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም፤ ቁልፉ ላይ ያሉትን ጎድጓዶች ቁጠሩ። አምስት ወይም ስድስት ከሆኑ ጥሩ ነው። ርካሽ ጓጉንቸር ላይ ግን ሦስት ብቻ ታገኛላችሁ። የእኔን ጓጉንቸር የጎረቤቴ ቁልፍ ሲከፍተው በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ሱቅ ነበር የገዛነው።

ስለ ቁልፍ ካነሣን አይቀር አዲስ ቤት የምትገቡ ልጆች ቁልፋችሁን ከፍ አድርጋችሁ ይዛችሁ ፎቶ ተነሥታችሁ አትለጥፉ። በ2008 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ያሉ ተመራማሪዎች ከፎቶ ብቻ ቁልፍ ማስቀረጽ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ያውም 60 ሜትር ያህል ርቆ ከጣሪያ ላይ በተነሣ ፎቶ!

ዋጋ እንድነግራችሁ አትጠብቁ። ዛሬ የጻፍኩት ጋዜጣው እጃችሁ እስኪገባ ይለወጣል። ይህን ያህል ልበል፤ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ለሲሊንደሩ አውጡት፣ እጀታው ይቆይ። እጀታ መቀየር ካማራችሁ ደግሞ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። «ናስ ነው» ያላችሁ እጀታ ማግኔት ከያዘ፣ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ባይይዝም ወዲያው አትመኑ፤ በእጃችሁ መዝኑት፣ እውነተኛ ናስ ከበድ ይላል። ክቡን እጀታ ዕቃ ይዞ ለሚገባ ሰውና ጣታቸው ለሚያማቸው አዛውንት አልመክርም፤ በክርን ተጭኖ የሚከፈተው ረዥሙ ይሻላል። ስለ መልኩ እናንተና መስታወታችሁ ተነጋገሩ።

የእንጨት በር ያላችሁ ደግሞ መቃኑን እዩልኝ። የቁልፉ ምላስ የሚገባበት ቆርቆሮ በሁለት አጫጭር ብሎን ብቻ ተይዞ ይገኛል። ምርጥ ቁልፍ ገጥማችሁ ይህ እንዲሁ ከቀረ አንድ የእግር ምት ይበቃዋል። 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ብሎን ቆርቆሮውን አልፎ መቃኑን ጠብቆ ይይዛል። አናጺው «ይበቃል» ቢላችሁም እንቢ በሉት።

ይህን ሁሉ የነገርኩት ጓደኛዬ ግን ሌባ አላሳሰበውም። «እኛ ጋ ችግር የለም፣ ጠዋት ሁለታችንም ስንወጣ ልጁንና ሠራተኛዋን ከውጭ ቆልፈንባቸው ነው» አለኝ፤ በኩራት። ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው። ሠራተኛዋ በቡታጋዝ ታበስላለች፣ ቡናውን በከሰል ታፈላለች። እሳት ቢነሣ በየት ይውጡ? «ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ትደውልልኛለች» አለኝ። ከመገናኛ እስኪመጣ ማለት ነው…

እ.ኤ.አ. በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሲቃጠል 146 ሠራተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከመውጫዎቹ አንዱ በር ተቆልፎ ነበር። ሠራተኞቹ ዕቃ ሰርቀው እንዳይወጡ፣ ሳይፈቀድላቸውም እንዳይሄዱ ነው ተብሏል። የጓደኛዬም ምክንያት ከዚህ አይርቅም፤ «ጠፍታ ብትሄድስ?» ነው የሚለው። ያላመናትን ልጅ፣ ልጁን እንዴት ሰጣት?

በውጭ በቁልፍ የሚከፈት፣ በውስጥ በኩል ግን በጣት የሚዞር ሲሊንደር አለ። ከውስጥ ያለ ሰው ቁልፍ ሳይፈልግ ዞር አድርጎ ይወጣል። ከበሩ አጠገብ መስታወት ካላችሁ ግን ሌባ ሰብሮ እጁን አስገብቶ ሊያዞረው ይችላልና መስታወቱን ቀድማችሁ አጠንክሩ። ተራው ሲሊንደር ላይ ደግሞ ቁልፍ ከውስጥ ተሰክቶ ካደረ በብዙዎቹ ከውጭ አይከፈትም። ያን ሌሊት ቁልፌን ሰክቼ ቢሆን ሰውየው ደጅ ያድር ነበር። በሌላ በኩል ብቻችሁን ታማችሁ ብትወድቁ ማንም አይደርስላችሁም። ከውስጥ ተሰክቶም ቢሆን ከውጭ የሚከፈተው ዓይነት አለ፤ አዛውንት ያሉበት ቤት ይህንን ጠይቁ።

እኔ በመጨረሻ ጋሼ ያመጡልኝን፣ በውስጥ በጣት የምትዞረዋን አስገጠምኩ። አከራዬ ቅር አላቸው። «በገዛ ቤቴ ቁልፍ ልጣ?» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ተነጋገርንና አንዱን ኮፒ ፖስታ ውስጥ ከትቼ አሸግኩት፣ እሽጉ ላይ ሁለታችንም ፈረምን፣ እሳቸው ቢፌ ውስጥ ተቀመጠ። እሳት ወይ የቧንቧ ጎርፍ ቢመጣ ይቀዱታል። እስካሁን አልተቀደደም። እናንተም ለአከራያችሁ ሳትናገሩ እንዳትቀይሩ፤ ጠብ ነው የምትገዙት።

ሰውየውስ አላችሁ? ባለፈው እሑድ ብርቱካን ገዝቶ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ፤ በቀን፣ አንኳኩቶ። አከራዬ ቡና አፈሉለት። ሁለቱን ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ይኸው፣ ከዕዳ ነጻ ወጣሁ» አለ። የክፍሌን አንሥቼ በበሬ ሞከርኩት፤ አልገባም። ደስ አለኝ። ስኒውን አስቀምጦ ሲነሣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው።

«የግቢውን አንድ ኮፒ እኮ እህቴም ጋ ሳይኖር አይቀርም።»