እንዲዋሽ የታዘዘ ሴንሰር

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ እንፍራንዝ ላይ ጉዛራ ግንብ ካለበት ኮረብታ ጣና ቁልቁል ይታያል። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው፤ በበጋና በክረምት መካከልም ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሜትር አይበልጥም። እስቲ የውሃውን ከፍታ እየለካ፣ ሐይቁ ወደ ማሳ ሲቃረብ በገበሬዎች ስልክ መልእክት የሚልክ መሣሪያ እዚህ ልንተክል ነው እንበል። ፕሮግራሙን የምንጽፈው በጥር ነው። ለመሞከር ሐይቁ እስኪሞላ መስከረምን እንጠብቅ?

አንጠብቅም፤ ሞክ ኦብጀክት እንሠራለን። ሞክ ከፍታውን የሚለካውን ሴንሰር ተክቶ የሚቆም አጭር ኮድ ነው። ፕሮግራሙ «ስንት ሜትር?» ሲል የሚመልስለት እውነተኛው ይሁን አስመሳዩ አይለይም። ይህ የሚሆነው ግን ሴንሰሩ ለፕሮግራሙ ከውጭ እንዲሰጠው ተደርጎ ከተጻፈ ብቻ ነው። ስሌቱንና ሽቦውን የሚያነበውን ኮድ አንድ ላይ የቋጠረ ሰው መጀመሪያ ያንን መፍታት አለበት፤ አሰልቺው ሥራም እሱ ነው።

መልእክት የሚልከውንም ሞደም በሞክ እንተካለን። የአደጋው ወሰን 1,787 ሜትር ይሁን። ሴንሰሩ መጀመሪያ 1,786.9፣ ቀጥሎ 1,787.4፣ ከዚያ ያንኑ 1,787.4 ደግሞ ይመልስ። ሞደሙ ስንት ጊዜ ታዘዘ? ሞክ የታዘዘውን ሁሉ መዝግቦ ይይዛልና መልሱ እሱ ጋ አለ። ለአንድ ሙላት አንድ መልእክት ይበቃል፤ አንዴ መሆን ሲገባው ሁለቴ ከሆነ ፈተናው ወደቀ ማለት ነው። ሁሉም ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ የላፕቶፕ ባትሪ ይበቃዋል። ዘዴውን በዚህ ስም ያስተዋወቁት ቲም ማኪነን፣ ስቲቭ ፍሪማንና ፊሊፕ ክሬግ በ2000 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጽሑፍ ነው።

እንደኔ ግን የሞክ ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ አይደለም፤ ሲታዘዝ መዋሸቱ ነው። ደህና ሴንሰር ተበላሽ ስላሉት አይበላሽም። ሞክ ግን ዜሮ በል ሲሉት ዜሮ ይላል፣ ዝም በል ሲሉት ዝም ይላል። ዜሮ ሲመጣ ፕሮግራማችን ጣና ደረቀ ብሎ ያምናል ወይስ ሴንሰሩን ይጠረጥራል?

ይህ ጥያቄ ለእኛ አገር የቅንጦት አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ባለቁበት በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ላይ፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከነፋሱ አንጻር ያለውን ማዕዘን የሚለካው የግራ ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15 ገደማ ያሳይ ነበር። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የሰማው የግራውን ብቻ ነው፤ አፍንጫውንም ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በመስከረም 2012 ባወጣው ሪፖርት፣ በአምራቹ የማረጋገጫ ሙከራዎች ኤምካስን ያለ ቦታው ሊያስነሱ የሚችሉ ብልሽቶች፣ የተሳሳተ የሴንሰር ንባብን ጨምሮ፣ እንዳልተካተቱ ገልጿል። እነዚያ በሲሙሌተር የተደረጉ ሙከራዎች እንጂ እንደ እኛው ያለ የኮድ ፈተና (ዩኒት ቴስት) አልነበሩም። የቀረው ጥያቄ ግን ያው ነው፤ ሴንሰሩ ቢዋሽስ?

ሞክም ራሱ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። እውነተኛው ሴንሰር በሴንቲሜትር እየላከ እኛ በሜትር መስሎን ከሆነ፣ ሞኩ ስህተታችንን ተቀብሎ ፈተናውን በደስታ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ሴንሰሩን በውሃ በተሞላ በርሜል ላይ አስሮ የሚልከውን እንዳለ መቅዳት፣ ሞኩንም ከዚያ ቅጂ መሥራት ይሻላል። የረጠበ ገመድ የሚያመጣውን ጣጣ ግን ሐይቁ ዳር ወርዶ ከማየት ሌላ መንገድ የለውም።